ተያዥ ያጡት ሁለት ሴቶች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳልነግረው ነው የሞተው። ባለፈው እሑድ ግን አፌን ከፈትኩ፤ ያውም እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ።

በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለሚያድሩት ችግረኞች ምግብ አድለን ስንመለስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዬ ትርሲት ቆም አለችና፣ «እትዬ የሺመቤት፣ በየወሩ እናበላቸዋለን። ታዲያ ለምንድን ነው በየወሩ እዚያው የምናገኛቸው?» አለችኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩላት።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፤ እግዚአብሔርንም ይፈራል። በየዓመቱ በመድኃኔ ዓለም ቀን በሬ አርዶ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚያድሩትን ሁሉ ያበላል። ከእነሱ መካከል በአንድ ላስቲክ ሥር የሚያድሩ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ልጅ እግር፣ ሌላዋ ጠና ያለች።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ዳቦ ቤት ሁለት ሴቶችን ከነማደሪያው ሊቀጥር ፈለገ። ሴቶቹ ሄዱ። ባለቤቱ አልጠላቸውም፤ ግን እንደ አገሩ ደንብ እያንዳንዳቸው ተያዥ እንዲያመጡ ጠየቀ፤ ዕቃ ቢጎድል ወይም እነሱ ቢጠፉ የሚጠየቅ፣ ቤት ያለው ሰው። ወደ ሀብታሙ ሄዱ።

«ራባችሁ እንዴ?» አላቸው።

«አይ ጋሼ፣ ተያዥ እንዲሆኑን ነው» አለች ልጅ እግሯ።

ሰውየው ግን፣ «ብትራቡ አበላለሁ፤ ብትታረዙ አለብሳለሁ። ለማላውቀው ሰው ግን አልፈርምም። ነገ ብትጠፉ የሚያዘው ማን ነው?» አላቸው።

«በየዓመቱ ያበሉን የለም እንዴ? እንዴት አያውቁንም?»

ሰውየው ከቤት ወፍራም ብርድ ልብስ አስመጥቶ ሰጣቸው። ሲመለሱ ጠና ያለችው ብርድ ልብሱን እየዳሰሰች ሳቀች። «በይ ደስ ይበልሽ፣ ቤቱ አለቀ። የቀረው በሩ ብቻ ነው» አለች።

በዚያ ሲያልፍ ነገሩን የሰማ አንድ ሸማኔ ነበረ። ድሮ ለአንድ ሰው ተያዥ ሆኖ፣ ሰውየው ጠፍቶበት፣ የሽመና ዕቃውን እስከ መሸጥ ደርሷል። እሱ፣ «እኔ እፈርማለሁ» አላቸው።

«ከድቼዎ ብሄድስ?» አለችው ልጅ እግሯ።

«ትሄጂ ይሆናል። ክርስቶስም ዋሴ የሆነው እንደምከዳው እያወቀ ነው» አላት።

ዳቦ ቤቱ ግን አንድ ተያዥ ለአንድ ሰው ብቻ ነው አለ። ጠና ያለችው፣ «አንቺ ግቢ። እኔ የሀብታም ብርድ ልብስ አለኝ» አለቻት።

ልጅ እግሯ ገባች። በነሐሴ አንድ ጠዋት ዳቦ ይዛላት ስትሄድ፣ ጓደኛዋን በላስቲኩ ሥር ሞታ አገኘቻት። ብርድ ልብሱ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። ሀብታሙ ሰው መገነዣውን ገዛ፤ ቀብሯ ላይም ቆሞ አለቀሰ። ልቅሶው የእውነቱን ነበር።

ወደ ትርሲት ዞርኩ። «ያ ሀብታም እኛ ነን፣ ልጄ። ምግባችንን እንሰጣለን፤ ራሳችንን ግን አናስይዝም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወርም እዚያው እናገኛቸዋለን። አንዳንዶቹን ስናጣቸው ደግሞ የት ገቡ ብለን አንጠይቅም።»

«ልጅቷስ?» አለች ትርሲት።

«ቀን ዳቦ እየጋገረች ማታ ተማረች። አስተማሪ ሆነች። ከየት መጣሽ ሲሏት፣ ከአክስቴ ቤት ትላለች» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። ትርሲት ፊቴን አይታ እጄን ያዘችኝ።

በማግስቱ ጠዋት መታወቂያዬንና የቤቴን ካርታ ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ሁልጊዜ ወጥ የምጨልፍላትን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠየቅኋት። ወርቅያንሹ ትባላለች። ልብስ መስፋት ትችላለች፤ ሥራ አግኝታ ተያዥ አጥታ ነው የቀረባት። ወደ ስፌት ቤቱ አብረን ሄድን።

«ምንዎ ናት?» አለኝ ባለቤቱ።

«ጎረቤቴ ናት።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«እስከ ትናንት አጥሩ ሥር ነበረች፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤት እስክትከራይ እኔ ዘንድ ናት» አልኩት። ከዚያም ቀስ ብዬ፣ «እኔም አጥሩ ሥር አድሬያለሁ» አልኩ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴ ጋለ፤ ወርቅያንሹም ታየኝ ነበር። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብዬ ፈረምኩ።