ውሃ የጠጣችው ፈርጥ

በወይን አምባ ገደል አፋፍ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር፣ ሰው ሁሉ «ማስጫ» የሚለው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እህል ግን አይሰጣበትም። በወይን አምባ ሰው በተከሰሰበት ቀን አይፈረድበትም፤ ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው «ይሰጣ» ይሉና ለሦስት ቀን ይበተናሉ፤ ከሳሽ ምን ቢንጨረጨር ሰሚ የለውም። ይህ ልማድ የመጣው ከአንዲት የአንጥረኛ ልጅ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ይርገዱ የአባቷን መዶሻና ሚዛን ወርሳ የሙሽሮችን የብር ጌጥ እያጸዳች ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ነበረች። የዚያን ጊዜ ሰው አንጥረኛ የሠራውን ጌጥ በአንገቱ ያጠልቃል እንጂ የአንጥረኛ እጅ አይነካም፤ ጌጡንም የሚያቀብላት በሰፌድ ላይ አድርጎ ነበር ይላሉ። ነውሩ ያን ጊዜ ነውር አይባልም ነበር።

የአምባው ባለጸጋ ወይዘሮ ስንዱ ልጃቸውን ሊድሩ አምስት ቀን ሲቀራቸው፣ ከአያታቸው የወረሱትን የብር የአንገት ድሪ በማለዳ ላኩላት። በድሪው መካከል ባቄላ የምታህል ፈርጥ ነበረችበት፤ ከገደሉ ሆድ የወጣች፣ ዘወር ባደረጓት ቁጥር አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ የሚላወስባት፣ የአገሩ ሰው «የማርያም መቀነት ቅዳጅ» የሚላት። ይርገዱ ብር እንጂ ፈርጥ አጽድታ አታውቅም። እንደ አባቷ ደንብ አስቀድማ ፈርጧን ፈልቅቃ መዘነቻት፤ አርባ የገብስ ፍሬ ሆነች። ብሩን በእንዶድና በአመድ ፈተገችው። ፈርጧን ግን እንዶዱ ይጎዳት ይሆናል ብላ ፈርታ፣ እስከ ቀትር ድረስ በንጹሕ የምንጭ ውሃ ዘፍዝፋ አስቀመጠቻት።

ስታወጣት መዳፏ ላይ የቀረችው የውሃ ጠብታ የመሰለች ነገር ናት። ያ ሁሉ ቀለም የለም፤ የመዳፏ መስመር በውስጧ አልፎ ይታያል። ይርገዱ «ገደልኳት» አለች።

ወይዘሮ ስንዱ ጌጣቸውን ሊያዩ የመጡት በዚያው ሰዓት ነበር። «ፈርጤን በብርሌ ስባሪ ለወጠችው!» ብለው ኡኡ ሲሉ አምባው በሙሉ ወደ ዋንዛው ጎረፈ። የአንጥረኛ ቤት መሬት የለውም፤ ሌባ ተብላ ከአምባው ብትባረር እናቷን ይዛ የምትጠጋበት አልነበራትም። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ እጇ በልማድ ወደ ሚዛኑ ሄደ። አርባ አራት ፍሬ። ደግማ መዘነች፤ አርባ አራት። የታጠበ ነገር ይቀላል እንጂ እንዴት ይከብዳል?

«አያ እንድሪስ» አለች የሽማግሌዎቹን አለቃ፣ ሚዛኗን ይዛ ወደ ዋንዛው ቀርባ፣ «ፈርጧ ውሃ ጠጥታለች። ከብዳለች፤ ይመዝኗት።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ጠጥታ እንደሆነማ እሳት ዳር ትቀመጥና ትትፋው!» አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

ይርገዱ ፈርጧን በሁለት እጇ ሸፈነቻት። «አይሆንም እመቤቴ! እርጥብ ሸክላ እንኳ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። በጥላ ትሰጣ። ሦስት ቀን ስጡኝ፤ ካልተመለሰች እኔው ራሴ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።»

አያ እንድሪስ ጢማቸውን እየዳበሱ «ለሰርጉ ጊዜ አለን። ሦስት ቀን ማንን ገደለ? ትሰጣ» አሉ።

በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት፤ ሽማግሌዎቹም በተራ ጠበቋት። በሁለተኛው ቀን ፈርጧ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆና ደፈረሰች። «ጭራሽ ዓይኗ ጠፋ» አለ ሰዉ። የይርገዱ እናት ጓዛቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ይርገዱም ራሷ ተስፋዋ ተሟጦ ነበር፤ ነገር ግን ከሄደች ሌብነቷ እውነት ሆኖ ሊቀር ነው፤ ስለዚህ ከዋንዛው ሥር አልተነሣችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከፈርጧ ጠርዝ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለች። ቀጥሎ ቢጫው ፈነጠቀ፤ ከዚያ ቀዩ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። አያ እንድሪስ «ሱብሃነላህ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ወይዘሮ ስንዱ «እመብርሃን!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። አያቶቻቸው በአንገታቸው አስረው ያረጁባት ድንጋይ እንደ ሰው የምትጠጣ፣ የምትታመም፣ የምታገግም መሆኗን ያን ቀን አወቁ። ይርገዱ መዘነቻት፤ አርባ ፍሬ። ፍርሃት ገባት እንጂ ደስታዋ ገና አልመጣም ነበር፤ የፈጣሪን ሥራ በእጇ ይዛ እንደቆመች ተሰማት።

ወይዘሮ ስንዱ ወደ እሷ መጡ። ይርገዱ ፈርጧን ሊቀበሏት መስሏት መዳፏን ዘረጋች። እሳቸው ግን ፈርጧን ሳያነሡ በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙት ይባላል።

ዛሬም በወይን አምባ ፈርጥ ያላት ሴት ውሃ ከመንካቷ በፊት አውልቃ ታስቀምጣለች፤ የረጠበችውንም ፈርጥ እሳት ዳር የሚያቀርብ የለም። በሰርግ ቀን ድሪውን በሙሽራዋ አንገት የምታጠልቀው ከአንጥረኛ ቤት የመጣች ሴት ናት። ያን ጊዜ የሙሽራዋ እናት፣ የቱንም ያህል ባለጸጋ ብትሆን፣ ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን እጅ ትስማለች። ሚዜው ቢቸኩል፣ ሰርገኛው ቢያጉረመርም፣ ያ እጅ ሳይሳም ሙሽራ ከቤት አትወጣም።