የዶክተር ፒንክኒ መዶሻ

ድሮ እንግሊዝ አገር ዶክተር ፒንክኒ የሚባል የነርቭ ሐኪም ነበር አሉ። በር ላይ ከሱ ቀድሞ የሚገባው ጉራው ነበር። ጉልበት የሚመታባት አንዲት ትንሽ የጎማ መዶሻ ነበረችው፤ ሲተኛ እንኳ ከኪሱ አያወጣትም።

አንድ ቀን የመዶሻዋን ሥራ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ የሆስፒታሉን ልብስ አጣቢ ጠራና ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። እሷ ደግሞ ምላሷ አያርፍም።

«ዶክተርዬ፣ የሚታጠበው አንሶላ ተራራ አክሎ እየጠበቀኝ ነው፤ ቶሎ ይጨርሱኝ» አለችው።

«ዝም በይ! ተማሪዎች፣ ይህች መዶሻ ጉልበቷን ስትነካው እግሯ ይወረወራል፤ ብትፈልግም ባትፈልግም! እግሯን የማዘው እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም ሥልጣን የላትም።»

ይህን ብሎ ጎንበስ አለና ጉልበቷን በመዶሻው መታ አደረገው። እግሯ ተወርውሮ አገጩን አገኘው። ዶክተሩ በቂጡ ዘጭ! ሰው ሠራሽ ጸጉሩም በሮ አንዱ ተማሪ ጭን ላይ አረፈ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ጉንጫቸውን ነፉ።

«አንቺ ባለጌ!» ብሎ ጮኸ፣ መላጣውን በእጁ ሸፍኖ። «አሁኑኑ ተንበርክከሽ ይቅርታ ጠይቂኝ! አለዚያ ከሥራ ተባረሻል!»

ልብስ አጣቢዋ ሥራዋን ማጣት አትችልም፤ መንበርከኩም አላማራትም። ጉልበቷን አየት አደረገችው።

«እኔማ ደስ ባለኝ ጌታዬ፤ ግን እግርሽ ላይ ሥልጣን የለሽም ብለውኝ የለ? የረገጠዎትም በእርስዎ ትእዛዝ ነው። በሉ በመዶሻዎ መታ ያድርጉትና ተንበርከክ ይበሉት። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እርስዎ ብቻ ትንሽ ራቅ ይበሉ።»

ዶክተሩ መዶሻዋን አየ፤ አገጩን ዳሰሰ።

«በይ ሂጂ» አላት፣ «ወደ አንሶላሽ።»