የሰው ወንድም የዘከረችው ሴት

«አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች» አሉ ጋሽ ድንበሩ፣ የእድሩ ዳኛ። ጠያቂው ምናሴ የሚባል አዲስ የእድር አባል ነው። በሰፈሩ የጥንት መካነ መቃብር ያረፉት ወታደሮች በሚታሰቡበት ቀን ይህ ሁሉ ድግስና ሳቅ ምንድን ነው፣ ደግሞስ በቅጡ የማናውቃቸውን ሰዎች እናስባለን ማለት ራስን ማታለል አይሆንም ወይ ብሎ ነበር የጠየቃቸው። ጋሽ ድንበሩ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አጭር መልስ የላቸውም።

ይህች ጠላ ሻጭ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ እሱም ዘመተና በዚያው ቀረ። ወደቀ ከሚል ወሬ በቀር የት እንደተቀበረ የሚነግራት አላገኘችም። ማልቀሻ ቦታ ማጣት ክፉ ነገር ነው። በመጨረሻ በሰፈሯ ኮረብታ ላይ ወዳለው የወታደሮች መቃብር ወጣችና ከወይራው ሥር ስም የሌለው፣ ጠያቂ የሌለው አንድ መቃብር አገኘች። አረሙን ነቅላ፣ ድንጋዩን አስተካክላ የራሷ አደረገችው።

በየዓመቱ በግ አሳርዳ፣ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ትጠራለች። የመጀመሪያውን ዋንጫ ከመቃብሩ ራስጌ ታፈሳለች። ሰዎች ስለ ሟቹ ሲጠይቋት ዝም ማለት ከበዳትና የወንድሟን ጠባይ እያነሳች ለእሱ ሰጠችው። ጠላ ወዳጅ ነበር፣ ቀልደኛ ነበር፣ ሲጨፍር መሬት አይበቃውም ነበር አለች። ጎረቤቶቿም ከራሳቸው ጨመሩበት። ሰፈር ደግሞ ወሬ ላይ አይሰስትም፤ ሟቹ ከዓመት ዓመት ጠጪነቱ እየባሰበት ሄደ።

አንድ ዓመት ታዲያ ድግሱ ደርቶ ሳለ ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ሴት ከመቃብሩ አጠገብ ቆመች። ወንድሟን የቀበረው የጦር ጓደኛው ከወይራው ሥር እንዳለ ነግሯት ኖሯል። የፈሰሰውን ጠላ አየችና መቃብሩ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ጠላ ሻጯ የወንድሜ ነው አለች።

«የኔ ወንድም ነው» አለች እንግዳይቱ። «እንድሪስ ይባላል። ሙስሊም ነው።»

ዋንጫ የያዘ ሁሉ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ጠላ ሻጯ ከእንግዳይቱ እግር ላይ ወደቀች።

«እህቴ፣ ሳላውቅ በድየዋለሁ። የፈለግሽውን ፍረጂብኝ፤ ከዚህ መቃብር ግን አታባሪኝ። ሌላ ማልቀሻ የለኝም።»

እንግዳይቱ ስለ ሟቹ ሌላ ምን እንደሚባል ጠየቀች። ጎረቤቶች እያፈሩ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነገሯት። ስትሰማ ስትሰማ ቆይታ ሳቋ አመለጣት፤ ዕንባዋም አብሮ ወረደ። እንድሪስ ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ቀልደኛነቱ ግን እውነት ነው፣ ይህን ቢሰማ ኖሮ ለጓደኞቹ ሲያወራው ይከርም ነበር አለች። ውኃ አስመጥታ ራስጌውን በእጇ አጠበችና ጠላ ሻጯን አንስታ ከጎኗ አስቀመጠቻት።

«በይ አሁን ያንቺን ወንድም ንገሪኝ» አለቻት። «ስሙ ማነው?»

ጠላ ሻጯ «ንጋቱ» አለች። በዚያ ኮረብታ ላይ ስሙን ስትጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። እንግዳይቱ እጆቿን ዘርግታ ለሁለቱም ዱዓ አደረገች፤ የተሰበሰበው ሁሉ አሜን አለ። በዓመቱ ሙስሊም ጎረቤቶች የራሳቸውን በግ ለብቻ አረዱ፣ ከጠላው ጋን ጎን የብርዝ ጋን ተተከለ፣ ድግሱም እጥፍ ሆነ።

ጋሽ ድንበሩ ወደ ምናሴ ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ እኛም እንደዚያች ሴት ነን። ስለነዚህ ልጆች ከምናወራው ግማሹ ስህተት ሳይሆን አይቀርም። ግን ሴትዮዋ ተሳስታ ባትዘክር ኖሮ እንግዳይቱ የምታገኘው አረም ነበር። አረም ደግሞ ወንድምሽ ቀልደኛ ነበር ብሎ አይነግራትም። ስለዚህ ብላ፣ ሳቅ፣ የምታውቀውን አውራላቸው። ብንሳሳትም፣ የሚያውቃቸው በመጣ ቀን እያረመን አብሮን ይስቃል።»