ጋሽ ሽብሩ ያሸነፉ ቀን

አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ የወፍጮ ቤት ሰፈርና የላይ ሰፈር የእግር ኳስ ቡድኖች አንድ ለአንድ እኩል ሆነው ሲጫወቱ የደብረ ብርሃን ዝናብ ወረደባቸው። እንዲህ ሲሆን እኛ ጋ አንድ ልማድ አለ፤ ጨዋታው ተቋርጦ አይቀርም። ተጫዋቹም ተመልካቹም እንደረጠበ ወደ ጋሽ ሽብሩ ጌም ቤት ይሮጥና የቀረውን በቴሌቪዥን ይጨርሰዋል። ሁለቱ ሰፈሮች አንድ አንድ ሰው ይመርጣሉ፣ ጆይስቲክ ያስይዟቸዋል፣ እዚያ የወጣው ውጤት የሜዳው ውጤት ሆኖ ይጸድቃል። የሌላ ከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኛ ወፍጮ ቤቶች አምና ዋንጫ የበላነው በዚሁ ነው።

ልማዱ የመጣው በይልቃል ነው። ይልቃል ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ ባነርና ቲሸርት የሚያትም የሰፈራችን ሰው ነው። ክረምቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ የፈረንጆቹን የእግር ኳስ ጌም ከፍቶ የእኛን ቡድኖች አስገባበት። ማልያችን አለ። ፊታችን አለ። በሽቦ የታሰረው የግብ ቋሚ እንደተንጋደደ አለ። ከኮርናው ጀርባ የምትግጠው የእማማ ዘነቡ አህያም አለች፣ ኳስ ሲመታት ዞር ብላ ታያለች። በረኛችን ፍስሃ ጎል ሲገባበት ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ይወረውራል፤ ይልቃል ይህችን ልማዱን እንኳ አልረሳትም። ፍስሃ መጀመሪያ ያየ ዕለት ተቆጣ። በማግስቱ ግን ሚስቱን ይዞ መጣ።

ይልቃል ይህን ሁሉ ለጋሽ ሽብሩ በነጻ ነው የሰጣቸው። «ሰፈሩ ይጫወትበት» አለ፣ በቃ። ጋሽ ሽብሩ ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የውጪዎቹን ቡድኖች በድሮው ዋጋ ትተው፣ የሰፈሩን ጨዋታ እጥፍ አደረጉት።

ግድግዳቸው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሕግ አላቸው፤ «ተሸናፊ ይከፍላል። ዱቤ የለም። ክርክር የለም።» የመጨረሻው ለእኛ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም። እሳቸው ከሰው ጋር ሳይከራከሩ የዋሉ ቀን እህል አይወርድላቸውም። «በሕይወቴ ተረትቼ አላውቅም» ይላሉ። አይዋሹም፤ የሚረታቸው ሰው ሲናገር ስለማይሰሙ ነው።

ያን እሑድ ቤቱ ጢም ብሎ፣ ልብሳችን እየተነነ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ይልቃል ጋሽ ሽብሩ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«አስቸግር።»

«ስሠራበት የነበረው ኮምፒውተር የማተሚያ ቤቱ ነው። አሁን አለቃዬ ከለከለኝ። ያገለገለም ቢሆን የራሴን ካልገዛሁ የገበያ ሰፈርን ቡድን መጨረስ አልችልም። ይሄም ቢበላሽ የሚያስተካክልልዎት አይኖርም። ስላለፈው አልጠይቅዎትም። ከእንግዲህ ግን ከሰፈሩ ጨዋታ ከሚያገኙት ትንሽ ድርሻ ይስጡኝ።»

አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት እንጂ ነገሩን በጆሯቸው ነበር የተናገረው። ጋሽ ሽብሩ ግን ክርክር ሲሸታቸው ድምፃቸው ከፍ ይላል።

«ሰማችሁ? ይልቃል የገዛ ሰፈራችንን ሊሸጥልን መጣ» አሉ ወደ እኛ ዞረው። «አንተ፣ ይሄን የሠራኸው ማን አስገድዶህ ነው? ወደህ አይደለም?»

«ወድጄ ነው።»

«ወዶ የሠራ ሰው ክፈሉኝ ይላል?»

«እርስዎስ ይሄን ቤት የከፈቱት ጠልተው ነው?»

ሳቅን። ጋሽ ሽብሩ አልሰሙም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከእኛም መሃል ለእሳቸው ያደላ ነበር። ፍስሃ ጓንቱን እየጨመቀ፣ «እኔም ደስ አላለኝም ይልቃል» አለ። «ለሰፈር ተብሎ የተሠራ ነገር ብር ሲገባበት ይበላሻል። ነገ እኔም ፊቴን አስገብታችኋልና ክፈሉኝ ልበል?»

«ሰፈሩ በነጻ ቢጫወትበት አፌን አልከፍትም ነበር» አለ ይልቃል። «ብሩማ ከገባበት ቆየ። ባለፈው እሑድ ተሸንፈህ እጥፍ ስትከፍል ለእኔ ነበር የሰጠኸኝ?»

ፍስሃ ጓንቱን መጭመቁን ተወ። እኔም ኪሴን ዳበስኩ፤ በዚያው እሑድ ከተሸነፉት አንዱ እኔ ነኝ።

ጋሽ ሽብሩ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስላላማራቸው መንገድ ቀየሩ። «ቆይ፣ ጌሙ ራሱ የማን ነው? ያንተ ነው? ሰው የሠራውን ጌም ልብስ አለበስከው እንጂ ምን አደረግክ? ልብስ ነው ያለበስከው።»

«ቴሌቪዥኑንስ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ቴሌቪዥኑን ገዝቼዋለሁ። አንተ አንድ ልንገርህ፣ ያንተ ልብስ ኖረም አልኖረም ጨዋታው ያው ጨዋታ ነው። ሰው እዚህ የሚመጣው ለጨዋታውና ለሽብሩ ቤት ነው። ካላመንክ በጨዋታ እንለያይ። ካሸነፍከኝ ድርሻህን እሰጥሃለሁ። ካሸነፍኩህ ግን ሁለተኛ ስለ ብር አታነሣብኝም።»

ይልቃል መጫወት እንደማይችል የማያውቅ የለም። ጌሙን ሲሠራ ከርሞ ለመለማመድ ጊዜ አላገኘም፤ አንድ ጊዜ አስይዘነው ኳሷን ከመሃል ሜዳ ይዞ ሄዶ በራሱ ጎል አግብቷታል። ጋሽ ሽብሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ቤት የማይወጡ ሰው ናቸው። አሳዘነኝ። ተው ልለው ስል እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ ጋሼ። ግን በቃልዎ እንጫወት። ልብሱ ምንም ካልሆነ ላውልቀውና ያለ ልብሱ እንጫወት።»

«አውልቀው። እርቃኑን ነው የምረታህ» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

ይልቃል ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘውን የጌም ቤቱን ኮምፒውተር ጎንበስ ብሎ ነካ ነካ አደረገው። የተንጋደደው ቋሚ ቀጥ አለ። ጭቃው ጠፋና አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ሣር መጣ። በእኛ ልጆች ቦታ ጸጉራቸውን የተቀቡ ፈረንጆች ተሰለፉ።

«አህያዋስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጨዋታው ተጀመረ።

ጋሽ ሽብሩ ወዲያው አገቡ። «አንድ» ብለው ጮኹ። ፍስሃ ጓንቱን አንሥቶ ተነሣ። «እነዚህን እቤቴም አያቸዋለሁ» አለና ወጣ። ሁለተኛው ሲገባ የላይ ሰፈሮቹ ወጡ። ሦስተኛው ሲገባ እኛ ወፍጮ ቤቶች መውጣት ጀመርን። ዝናቡ ደግሞ አላባራም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ሰው ግን ከማዶ ያለው ሱቅ ክዳን ሥር ተጠጋግቶ ዝናብ ማየት መረጠ። እኔ የቀረሁት ለጨዋታው ብዬ አይደለም፤ እንዲደርቅ ያወለቅኩት ካልሲ አንዱ ጠፍቶብኝ ወንበር ሥር እየፈለግኩ ነበር።

ጋሽ ሽብሩ ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም። አምስተኛውን አግብተው ፊሽካ ሲነፋ ጆይስቲኩን ጥለው ብድግ አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ሰቀሉ፣ ወደ ሕዝባቸው ዞሩ።

«አያችሁ?» አሉ።

ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እኔም ያየሁት ካልሲዬን ነው። አግዳሚዎቹ ላይ የረጠበ መቀመጫ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን ማውረድ ረስተው ትንሽ ቆዩ።

ይልቃል ኪሱ ገብቶ የአንድ ጨዋታ ሂሳብ አወጣና የተሰቀለው እጃቸው ሲወርድ ጠብቆ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ከዚያ በቀይ ቀለም ወደተጻፈው ሕግ ቀና ብሎ አየ።

«ተሸናፊ ይከፍላል፣ ይኸው ከፈልኩ» አለ። «ዛሬ የሚከፍልዎት እኔ ብቻ ነኝ ጋሼ። ነገ ደግሞ እኔም አልመጣም።»

ጋሽ ሽብሩ መዳፋቸውን አዩ። በበሩ በኩል ማዶ አዩ፤ ያ ሁሉ ደንበኛ ክዳን ሥር ተኮልኩሎ ዝናብ ያያል። ይህኛውን ንግግር ግን ሰሙት፤ ከተዋወቅን ጀምሮ የሰው ነገር ሲሰሙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

«አህያዋን መልሳት» አሉ ቀስ ብለው።

«ድርሻውስ?»

«እሰጥሃለሁ።»

«ዋጋውም ወደ ድሮው ይመለስ።»

«ይመለስ አልኩህ፣ አንተ ብቻ አህያዋን መልሳት።»

እኔ በአንድ እግሬ ካልሲ፣ በአንድ እግሬ ባዶ፣ በር ላይ ወጥቼ «አህያዋ መጥታለች» ብዬ ተጣራሁ። ማዶ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝናቡን ሰንጥቆ ገባ። ያን ቀን የላይ ሰፈር ቡድን ሁለት ለአንድ አሸነፈን፤ እሱን ሌላ ጊዜም ባንነጋገርበት ይሻላል።

ይልቃል የራሱን ኮምፒውተር ገዛ፣ የገበያ ሰፈርም ቡድን ገባ። ጋሽ ሽብሩ ግን እስከ ዛሬ ድርሻውን ሊሰጡት በተቀመጡ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አምስት ለዜሮ ነው ያሸነፍኩህ፣ እንዳትረሳ» ይሉታል። ይልቃልም «አልረሳም ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» ይልና ብሩን ኪሱ ይከታል።