በሽመላዋ እግር ላይ የነበረው ጠፍር

በሐይቅ ዳር የሚያርስ አንድ ገበሬ ነበረ።

ትርንጎ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። አራት ዓመት ታመሽ ስትተኚ ልጅሽን ያሳደገቻት የባልሽ እህት ናት። አሁን ድነሽ ልጅሽ ወደ ቤትሽ ብትመለስም፣ ያችን ሴት «እማዬ» ማለቷን አልተወችም። «እንዲህ ብላ እንዳትጠራት፣ ደጇንም እንዳትረግጥ ልከልክላት ወይ?» አልሽኝ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የገበሬውን ነገር ስሚኝ።

የሰውየው ማሳ ከረግረጉ ጋር የተያያዘ ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጎድል ሽመላዎች ከሰሜን እየመጡ ደንገሉ ዳር ይሰፍራሉ። ፌንጣና እንቁራሪት እየለቀሙ በጋውን ከርመው፣ መጋቢት ላይ ተሰብስበው ይሄዳሉ። አንድ ዓመት ገበሬው አንዲት ሽመላ የዓሣ መረብ ተጠላልፎባት አገኘና ፈታት። ከዚያ ወዲህ አልሸሸችውም። ሲያርስ ከበሬዎቹ ኋላ እየተከተለች ከተገለበጠው አፈር ትል ትለቅማለች። ልጅ አልነበረውምና በጣም ወደዳት። የመሄጃዋ ጊዜ ሲደርስ ከሚስቱ ሰማያዊ ክር ተቀብሎ እግሯ ላይ አሰረላት። በዓመቱ ክሩን እንዳሰረች ተመለሰች። «የእኔ ናት» እያለ ላገኘው ሁሉ ያሳይ ጀመር።

አንድ መንገደኛ ነጋዴ ግን ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እነዚህ ወፎች እኮ ባሕር ማዶ አገር አላቸው» አለው። «ጎጆ የሚሠሩት እዚያ፣ በሰው ቤት ጣራ ላይ ነው። እንቁላል የሚጥሉትም ጫጩት የሚያሳድጉትም እዚያው ነው። ጣራው ላይ ያረፉለት ሰው ደስታው አይጣል ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበሬው «ለካ እኔ ጋ የምትመጣው ለሆዷ ነው! ጫጩቶቿን የሚያይላት ሌላ ነው» ይላል። ሽመላዎቹ ሲሄዱም ደጅ ቆሞ ወደ ሰሜን እያየ ይብሰለሰላል።

«አንተ ሰው፣ በወፍ ትቀናለህ?» አለችው ሚስቱ።

«በወፏ አይደለም፤ በሰውየው ነው» አላት።

በሚቀጥለው ዓመት ሽመላዋ ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይታ፣ ከስታ መጣች። ክሩ የለም። በመንገድ ወድቆ ይሁን፣ ያ ሰው ፈትቶት ይሁን፣ አይታወቅም። በክሩ ፋንታ እግሯ ላይ ቡናማ ጠፍር በደንብ ተጠምጥሟል፤ ቋጠሮው ገበሬው አይቶት የማያውቀው ዓይነት ነው። ደሙ ፈላ።

«አየሽ? የእኔን በጥሶ የራሱን አሰረባት!»

«ቆይ እንጂ» አለች ሚስቱ። «ለምልክት ይህን ያህል ጠፍር ምን ያደርጋል? እስቲ ወጌሻውን እንጥራና ይየው።»

አልሰማትም። ሽመላዋ እንደ ልማዷ ቀረበችው። በብብቱ ሥር አቅፎ ያዛትና ጠፍሩን በማጭድ ቆረጠው። ከጠፍሩ ሥር ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ወደቁ። መሬት ላይ ሲያቆማት እግሯ ታጠፈ።

ወጌሻው መጣና እንጨቶቹን አገላብጦ አየ። «ያሰራት እጅ ዐዋቂ ነው» አለ። «ስብራቱ ሊገጥም ትንሽ ነበር የቀረው። አሁን አጥንቱ ዳግመኛ ከቦታው ሄዷል፤ እኔም እንዲህ ያለ እግር አስሬ አላውቅም።»

ገበሬው እንቁራሪት እያጠመደ በእጁ አበላት። መጋቢት ላይ ሽመላዎቹ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ እሷም ልትነሣ ሞከረች፤ ሮጣ መነሣት ስላልቻለች በደረቷ ወደቀች። ሰውየው የተመኘው ሆነለት፤ ሽመላዋ የእሱ ብቻ ሆነች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራ ትቆማለች። የሐምሌን ዝናብ አልቻለችውም፤ ሞተች።

ቀብሯት ሲመለስ ሚስቱን እንዲህ አላት፦ «ይሄኔ ያ ሰው ጣራውን እያየ ይጠብቃታል። እንዳልነግረው አገሩን አላውቅም። በዓለም ላይ ለእሷ ከእኔ ጋር የሚያለቅስ እሱ ብቻ ነበር።»

እንግዲህ ልጄ፣ ገበሬው አንቺ ነሽ። ልጅሽ አንደበቷ ላይ ያለው «እማዬ» የሚለው ቃል የዚያች ሴት ምልክት መስሎሽ ያንገበግብሻል። አልፈርድብሽም፤ የወለደ ይቀናል። ነገር ግን አንቺ ከአልጋ መነሣት ባቃተሽ ጊዜ ልጅሽ የቆመችው በዚያ ቃል ነው። ብትቆርጪው ሴትዮዋን የጎዳሽ ይመስልሻል፤ የሚታጠፈው ግን የልጅሽ እግር ነው።

ስለዚህ አትከልክያት። ይልቅስ ነገ ልጅሽን ይዘሽ ሴትዮዋ ቤት ሂጂ። አጠገቧም ተቀመጪና፣ «እኔ ያላየሁትን አራት ዓመት ንገሪኝ» በያት።