በውርጭ የሚሞቅ በር

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱ ደጋ ላይ ነበር፣ በሩም በውርጭ ይሞቅ ነበር።

ምን ያስቅሻል ትርሲት? «አክስቴ፣ ለወደቁት ወታደሮች ጧፍ አበራን፣ ቆመን ጸጥ አልን፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቀረብን?» ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺው ነሽ። እንግዲህ ቻይኝ፣ እኔ ያለ ምሳሌ መልስ አላውቅም።

ሰውዬው ባለጸጋ ነበር። ድሮ በጦርነቱ ጊዜ ግን፣ ገና ድሃ ሳለ፣ ጠላት መንደሩን ሲያቃጥል ከሚስቱና ከጎረቤት ሕፃናት ጋር እቤቱ ተደበቀ። አንድ የማያውቁት ወታደር፣ ጓዶቹ አልፈውት ሄደው፣ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ከውስጥ ቀርቅሩ» አለ። «ተረኛ እስኪመጣልኝ ከዚህ አልነቃነቅም።» ጀርባውን ሲያስደግፍ እንጨቱ ሲያቃስት ሰሙ። ተኩሱ ሲበርድ በሩን ወደ ውጭ ቢገፉት አልከፈት አላቸው፤ ለካ ሞቶም ተደግፎታል! በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት፣ ስሙን እንኳ ሳያውቁ።

ዘመን አለፈ፣ ሰውዬው ከበረ። አሮጌውን በር ነቅሎ የብረት በር አስገጠመ። በጥቅምት ውርጭ አንድ ጠዋት ሊከፍት እጁን ቢያሳርፍ ብረቱ ሞቀው። ዙሪያው እንደ በረዶ ነው፤ የሰው ጀርባ የሚያህል ቦታ ብቻ እንደ ገላ ይሞቃል።

«ዶሮ ተደግፋው አድራ ይሆናል» አለ ለሚስቱ።

«የአንተ ቁመት ያላት ዶሮ አለችን እንዴ?» አለችው።

በጓሮ በኩል ዞሮ አየ። ግቢው በውርጭ ነጥቷል። ከደፉ ሥር ግን የሁለት እግር ልክ አልነጣም፤ ተረከዙ ወደ በሩ፣ ጣቱ ወደ ሜዳው። ማንም የለም። ውሻው ብቻ ባዶውን ቦታ እያየ ጭራውን ይቆላል። እኔ ብሆን አገር ለቅቄ ነበር!

ጠበል አስረጨ፤ ሞቀ። በሩን በሌላ ብረት አስለወጠ፤ ሞቀ። ያ ወታደር መሆኑ ሲገባው ደገሰለት፣ ድሃ አበላ፣ ካህናት ፍትሐት አደረሱለት። ይህ መልካም ነው፣ አልነቅፈውም። በማግስቱ ግን ብረቱ በመሞቅ ብቻ አልቀረም፤ እንደሚንቀጠቀጥ ትከሻ በቀስታ ይርገበገብ ጀመር። ሚስቱ ጆሮዋን ለጠፈችበትና አለቀሰች።

«ሊያስፈራራን አይደለም፤ ደክሞታል» አለች።

«ታዲያ ምን ቀረው? አበላን፣ አስፈታን፣ አመሰገንን።»

«ተረኛ እስኪመጣልኝ ብሎ ነበር። ማን መጣለት? ትናንት አንዲት መበለት፣ የባሏ ወንድሞች ልጇን ሊቀሟት ሲያባርሯት ደጃችን መጣች፤ ቦታ የለንም ብለህ መለስካት። በማን ጀርባ ላይ ነው በሩን የዘጋኸው?»

 ሰውዬው ጫማውን አወለቀ። ወጥቶ በሁለቱ እግሮች ልክ ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ለብረቱ፣ ፊቱን ለሜዳው ሰጠ።

«ወንድሜ» አለ፣ «ዘገየሁብህ። ተረኛው እኔ ነኝ፤ አንተ ዕረፍ።»

ያን ጊዜ ትከሻውን አንድ ነገር ከበደው፣ የጠመንጃ ማንገቻ ያነገተ ያህል። ከጀርባው ብረቱ ቀዘቀዘ። በነጩ ውርጭ ላይ፣ እሱ ዓይኑ እያየ፣ የእግር ዱካ አንድ በአንድ እየታተመ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀና። ውሻው እስከ አጥሩ ሸኘው።

ሰውዬው ግን ወደ ቤት አልገባም። እንደቆመ መበለቲቱን ፍለጋ ወረደ፤ ከነልጇ አምጥቶ አስገባት። የባሏ ወንድሞች ዱላ ይዘው ሲመጡ ደጁ ላይ ተደግፎ ያገኙት እሱን ነው።

እንግዲህ ትርሲት ልጄ፣ የሞቱልን ሁሉ እንደዚያ ወታደር ናቸው። ጧፉም መልካም፣ ጸጥታውም መልካም። ግን ጌታችን ኅብስቱን ቆርሶ ሲሰጥ ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት አለ እንጂ ቆማችሁ ተመልከቱ አለ እንዴ? ማመስገን ተረኛ መሆን ነው። ነገ ጠዋት ስትወጪ በርሽን ዳሰስ አድርጊው። ከቀዘቀዘ እሰየው፣ አንዱ አርፏል። ከሞቀሽ ግን እየጮኽሽ ወደ እኔ እንዳትሮጪ፣ እኔ ፈሪ ነኝ! ጫማሽን አውልቂና ውጪ።