የከንቲባው መኪና ጥፋት

ከንቲባ ድንበሩ አዲሱን የጉድጓድ ውሃ ሲመርቁ፣ "እንደ መስታወት የጠራ ውሃ አወጣንላችሁ!" ብለው አስጨበጨቡ። የመጀመሪያው ብርጭቆ በትሪ ሲቀርብላቸውም ከንፈራቸውን አስነኩና፣ ካሜራው ዞር ሲል መለሱት። መኪናቸውን የሚያጥበው አጣቢ ከሕዝቡ መሃል ቆሞ ይህን አይቷል።

ወር ሳይሞላ ያ ውሃ የከንቲባውን ጥቁር መኪና ጅግራ አስመሰለው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ጠብታ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ከንቲባው ቱግ ብለው አጣቢው ዘንድ መጡ። እሱም ጨርቁን አቼቶ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ማሸት ጀመረ። ጥቂቱ ለቀቀ፣ የቀረው ግን ሙጭጭ አለ።

"ስማ!" አሉ ከንቲባው፣ ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብለው። "መኪናዬን ያበላሸው የአንተ እጅ ነው ወይስ ውሃው?"

"እጄ ነው" ካለ እንጀራው ሊቀር ነው፤ "ውሃው ነው" ካለ ደግሞ ልማት አጥላላ ተብሎ ዘብጥያ ሊወርድ ነው። አጣቢው ጨርቁን ቀስ ብሎ ጨመቀ።

"ኧረ እጄም ውሃውም አይደለም ጌታዬ፤ ጥፋቱ የመኪናው ነው።"

"የመኪናው?"

"አዎ! ይህን ሁሉ ጊዜ ከእርስዎ ጋር ሲዞር ኖሮ፣ ይህን ውሃ ከንፈር ብቻ አስነክቶ መመለስን ሳይማር ቀረ።"